ለቀጠሮ ቀን ብቻ የሚስተካከል ስኳር

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ እንቅልፍ ከለከለኝ። 24 ዓመትሽ እንደሆነ፣ ከሁለት ወር በፊት ዓይነት ሁለት ስኳር እንዳለብሽ እንደተነገረሽ፣ ኪኒኑ እንደሚያቅለሸልሽሽ፣ ከአንዲት ጓደኛሽ በቀር ለማንም እንዳልተናገርሽ፣ ፍልሰታ ሲመጣ እንዴት እንደምትጾሚ ግራ እንደገባሽ ጽፈሻል፤ በመጨረሻም «ቡናስ ልተው?» ብለሻል። ለእኔ የተነገረኝ በ25 ዓመቴ፣ በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። በሽታው ምን እንደሆነ ሐኪምሽ ስለነገረሽ እሱን አልደግመውም፤ እኔ ዋጋ የከፈልኩበትን ብቻ በቁጥር እየለየሁ ልጻፍልሽ።

1. ኪኒኑን በራስሽ ፈቃድ አታቋርጪ። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን ሆድ የሚያውከው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ ጋር ዋጪው፤ ካልተሻለሽ መጠኑ ከዝቅተኛው ተነሥቶ ቀስ በቀስ እንዲጨመርልሽ፣ ወይም ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟው ዓይነት እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ። ይህን ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የመጀመሪያውን መድኃኒት ልቀበል ስሄድ መስኮቱ ላይ የነበረችው ባለሙያ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ «ይሄ የስኳር ኪኒን የማን ነው?» ብላ ጮኸች። እጄን ሳነሣ ከኋላዬ ከተሰለፉት እናቶች አንዷ «ውይ፣ በዚህ ዕድሜዋ!» አሉ። ፌስታሉን ቦርሳዬ ውስጥ ወሽቄ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ሳልጠይቅ ወጣሁ። አንድ ሳምንት በባዶ ሆዴ ስውጥ አስመለሰኝ፤ በሁለተኛው ሳምንት ኪኒኑ የሥራ ቦታዬ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

2. ከቤተሰብሽ ቢያንስ ለአንድ ሰው ተናገሪ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

3. ለቀጠሮ ብለሽ አትዘጋጂ። ይህን ሁሉ መጻፍ የጀመርኩት በእውነቱ ለዚህች ለሦስተኛዋ ነው።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። ዓመቱን ሙሉ መዝገብ ሳይነኩ ቆይተው ኦዲተር ሊመጣ ሲል ደረሰኝ የሚያሳድዱ ሰዎችን ስታዘብ ኖሬያለሁ። እኔ ራሴ ግን ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ በገዛ ደሜ ያንኑ ሠራሁ። ቀጠሮዬ በየሁለት ወሩ ነበር። አራት ቀን ሲቀረው እንጀራ አቆምና ጎመንና እንቁላል ብቻ እበላለሁ፤ መሳቢያ ውስጥ የረሳኋቸውን ሁለቱን የስኳር ኪኒኖቼን፣ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድን፣ በሰዓቱ እውጣለሁ፤ ከሥራ ወደ ቤት በእግሬ እሄዳለሁ። በቀጠሮው ጠዋት በባዶ ሆዴ ስለካ 118፣ 121፣ አንድ ጊዜም 109 ወጣልኝ። ሐኪሙ ካርዴን እያየ «ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥዪ» ይለኛል። ያቺን «ጎበዝ» ለመስማት ምን ያህል እጓጓ እንደነበር ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቀላል። ከዚያ ወጥቼ ከጤና ጣቢያው ማዶ ያለው ጭማቂ ቤት እገባና ስኳር ያለበት ስፕሪስ አዛለሁ። የሚቀጥሉት ሰባት ሳምንታት የእኔ ነበሩ።

ሰነፍ ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ፤ በአራቱ ቀናት የማደርገውን ጥረት የሚያይ ሰው ቢኖር ኖሮ ይሸልመኝ ነበር። ችግሩ ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት መቁጠሬ ነው። ከፍ ያለ ቁጥር ሆዳም መሆኔን፣ ራሴን መግዛት አለመቻሌን ለሰው የሚያሳብቅብኝ ይመስለኝ ነበር። አጎቴ ደግሞ በየበዓሉ «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፤ የበላ ሰው በሽታ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር፤ አጠገቡ በሽተኛ መቀመጧን አያውቅም።

የመጨረሻዋ ቀን በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነበረች። በዚያን ቀን 109ን ራሱን ማሸነፍ አማረኝ። ራት ሳልበላ አደርኩና ደም ከመስጠቴ በፊት መዋጥ የሌለብኝን ግሊቤንክላማይድ ጠዋት በባዶ ሆዴ ዋጥኩ። ይህ መድኃኒት ቆሽት የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንድታመነጭ የሚገፋ ነው፤ ምግብ በላሽ አልበላሽ እሱ ሥራውን ይሠራል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካርድ ክፍሉ ደረስኩ። ካርዴ ጠፋ ተባለ። «ቁጭ ብለሽ ጠብቂ» ተባልኩና ጠበቅሁ። 4 ሰዓት ሊሆን ሲል እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከአንገቴ በታች በላብ ተነክሬ፣ የመስኮቱ ብረት ሁለት ሆኖ ይታየኝ ነበር። ተነሥቼ «እባክህ፣ አሞኛል» ብለው የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ቀና ሳይል «እዚህ የመጣው ሁሉ ታሞ ነው፤ ወረፋሽን ያዢ» አለኝ። ያንን ሰው ይቅር ለማለት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም ያለቀለት ይቅርታ አይደለም።

አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገቤ የነበሩ፣ ኮት የደረቡ አባት ፊቴን አይተው «ልጄ፣ ስኳር አለብሽ እንዴ?» አሉኝ። እየተንቀጠቀጥኩ፣ ምላሴ እየተሳሰረ ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ታውቂያለሽ? «የለብኝም» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና ከኮታቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አወጡ፤ በያዙት የውኃ ላስቲክ ውስጥ ጨምረው እየበጠበጡ «እሺ፣ የለብሽም። ብቻ ጠጪው» አሉኝ። ከጠጣሁ በኋላ እንኳ ድንገተኛ ክፍል ገብቼ ስለካ 58 ነበር፤ ከ70 በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል።

የዚያን ቀን ያየችኝ ሐኪም ሌላ ነበረች። የሦስት ወሩን ምርመራ አዘዘችልኝ፤ ሂሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ የሚባለው ነው፤ ውድ ስለነበረ እስከዚያ ቀን አሠርቼው አላውቅም። 10.8 በመቶ መጣ። ይህ ማለት ያለፉት ሁለትና ሦስት ወራት ስኳሬ በአማካይ 260 ገደማ ነበር ማለት ነው። ብዙዎቻችን ከ7 በታች እንድናደርገው ነው የምንመከረው። 118ቱን፣ 121ዱንና 109ኙን በጣቷ እያሳየች «እነዚህ የአንድ ጠዋት ናቸው» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ማታ ማታ ጉንዳን እንደሚሄድበት የሚያሳክከኝና የሚያቃጥለኝ እግሬ ከስኳሩ እንጂ ከጫማ እንዳልሆነም ያን ጊዜ ገባኝ። ማቃጠሉ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልለቀቀኝም። የስፕሪሱ ዋጋ እሱ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ እንደ ዘወትርሽ በልተሽ ሰንብቺ፤ የጾም ምርመራ ከሆነ የታዘዘውን ሰዓት ብቻ ጹሚ፤ ያልዋጥሽውን ኪኒን «አልዋጥኩም» በይ፤ የሦስት ወሩንም ምርመራ ለምነሽም ቢሆን አሠሪ። ሁሉን በትክክል እየወሰድሽ ቁጥሩ አልወርድ ካለ ደግሞ ጥፋቱ የአንቺ ላይሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ከ10 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 699 ዓይነት ሁለት ታማሚዎችን የተከታተለና በ2012 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ጥናት ነበር፤ ሜትፎርሚን ብቻውን ከተሰጣቸው መካከል ግማሽ በሚሆኑት ላይ በቂ ሳይሆን ቀርቷል። አንቺ ከእነሱ ታላቅ ብትሆኚም፣ በሽታው በወጣትነት ሲጀምር ከአዛውንቶቹ ይልቅ እንደሚፈጥን ሐኪሞቹ ይናገራሉ። ሁለተኛ መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን ሲጨመርልሽ እንደ ቅጣት አትቁጠሪው፤ እኔ ቆጥሬው ሦስት ቀን አልቅሻለሁ።

4. «ታክቶኛል» ብለሻል። ገና በሁለት ወርሽ መሆኑ አያስገርመኝም። በየዕለቱ መለካት፣ መቁጠር፣ እምቢ ማለት፣ የሰው አስተያየት መስማት የሚያመጣው መታከት ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች በ20 ጥያቄዎች የሚለኩበት ቅጽ እንኳ አለው። ይህን ያወቅሁ ቀን ግማሹ ሸክም ወረደልኝ፤ ስንፍና ብዬ የጠራሁት ነገር ሌላ ስም ነበረውና። ነገር ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም ነገር ደስ የማይልሽ፣ እንቅልፍሽና ምግብሽ የተዘበራረቀ ከሆነ እሱ ከመታከት ያለፈ ሊሆን ስለሚችል፣ ለስኳር ሐኪምሽ ንገሪና ወደ አእምሮ ሕክምና ትላክሽ። እኔ ስድስት ወር ተመላልሻለሁ፤ አላበድኩም።

ስለ ምግብ አጭር ነው፦ እንጀራን የሚያግድሽ ሰው አትስሚ፤ ጤፍ ስለሆነ አይጨምርም የሚልሽንም አትስሚ። እኔ ግማሽ እንጀራ እበላለሁ፤ ጎመኑንና ሰላጣውን አስቀድማለሁ። ፍልሰታን በተመለከተ ከሐኪምሽ ጋርም ከንስሐ አባትሽ ጋርም ሳትነጋገሪ እስከ 9 ሰዓት አትቆዪ፣ በተለይ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የምትወስጂ ከሆነ። የእኔ ንስሐ አባት ሰምተው ሲያበቁ «ቁርስሽን ብዪ፣ ከሥጋና ከወተት ተከልከዪ» አሉኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ንግግር አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ወደ ሁለተኛዋ ልመለስ። ለእናቴ የነገርኳት ከዚያ የግንቦት ቀን በኋላ ነው። እንደፈራሁት አለቀሰች፤ «ምን አብልቼሽ ነው?» አለች። ቀጥላም ፀበል አመጣች፣ የሺፈራው ቅጠል አመጣች፣ የእኔን ምግብ በተለየ ሳህን ማቅረብ ጀመረች። ከመሶቡ መለየቴ ከበሽታው በላይ አመመኝ። ተጣላን። በመጨረሻ ፀበሉን እንድጠጣ፣ ኪኒኑን እንዳልተው፣ ሺፈራው እንዲቀር፣ ሁላችንም ከአንድ መሶብ እንድንበላ ተስማማን። ዛሬ ግብዣ ላይ ዘመድ ጉርሻ ይዞ «በሞቴ» ሲለኝ ከእኔ ቀድማ «ተዋት፣ በልታለች» የምትለው እሷ ናት።

ስለ ትዳር አልጠየቅሽም፤ ግን እያሰብሽው እንደሆነ አውቃለሁ። አንዱ እጮኛዬ ስነግረው ሄደ። ሁለተኛው አልሄደም። «ስኳር ያለባት አትወልድም» የሚሉሽ ውሸታቸውን ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከእርግዝናው በፊት መስተካከል አለበት። እኔ ሐኪሜ የሦስት ወሩን ምርመራ ከ6.5 በታች እስካደርስ ድረስ አስጠብቃኝ፣ በእርግዝናዬ ኢንሱሊን እየወጋሁ ልጄን ወልጃለሁ፤ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ቡናሽን ደግሞ ጠጪ፤ የሚተወው ስኳሩ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ይመርሻል፤ ከዚያ በኋላ ሳያውቁ ስኳር የጨመሩበትን ሲሰጡሽ አንቺው ራስሽ ሲኒውን ትመልሺዋለሽ። ከቦርሳሽ ግን ከረሜላ አይለይ። የእኔ እስከ ዛሬ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ነው።