በኢንች ቶርኖ የሚሊሜትር ፊለት ማውጣት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጋራዤ ውስጥ የድሮ ሳውዝ ቤንድ 9 ኢንች ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) አለኝ። ጊሩ በእጅ የሚቀያየር ነው፣ ሊድ ስክሩው (መቁረጫውን የሚገፋው ረጅም ብሎን) በኢንች 8 ጥርስ አለው። ለቶዮታዬ የዲናሞ ማሰሪያ 10 በ1.25 ብሎን (ውፍረቱ 10 ሚሊ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ) ፈልጌ ማሽኑን በኢንች 20 ጥርስ ላይ አድርጌ አወጣሁት፤ 1.27 ሚሊ ስለሚሆን ይቀራረባል ብዬ ነው። ዳዶው ሦስት አራት ዙር ይገባና ቀጥ ይላል። ለሚሊሜትር ፊለት (የብሎን ጠመዝማዛ ጥርስ) 127 ጥርስ ያለው ጊር የግድ ነው ይሉኛል። ወይስ ሸጬው የሚሊሜትር ቶርኖ ልግዛ?

መልስ፦ እባክህ ወንድሜ፣ እንዳትሸጠው! ማሽንህ ምንም አልጎደለውም።

ዳዶው የያዘው ስህተቱ ስለሚጠራቀም ነው። በእያንዳንዱ ጥርስ 0.02 ሚሊ ትስታለህ። አንድ ጥርስ ላይ ምንም አይደለም፣ ግን 8 ሚሊ ውፍረት ያለው ዳዶ ስድስት ጥርስ ገደማ ስለሚነክስ መጨረሻው ላይ ልዩነቱ ከ0.12 ሚሊ ያልፋል። በጉልበት ካስገባኸው ፊለቱን ትበላዋለህ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከ1959 ጀምሮ አሜሪካና እንግሊዝን ጨምሮ ኢንች የሚጠቀሙ አገሮች ተስማምተው 1 ኢንች ልክ 25.4 ሚሊ ሆኗል። 25.4 በ5 ሲባዛ 127 ነው። 127 ደግሞ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለምንም አይካፈልም፤ ስለዚህ ትንንሽ ጊሮችን በማጣመር በትክክል አታገኘውም። ባንተ ማሽን የስፒንድሉ (ሥራውን የሚያዞረው ዋና ዘንግ) እና የስተዱ (ከሱ ኃይል ተቀብሎ ለጊሮቹ የሚያስተላልፈው አጭር ዘንግ) ጊር እኩል ከሆነ፣ የምትፈልገውን ፒች (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለውን ርቀት) በ40 አባዝተህ ለ127 ታካፍላለህ። ለ1.25 ነጂው (የሚያዞረው ጊር) 50፣ ተነጂው (የሚዞረው) 127 ነው። ለ1.5 ደግሞ 60፣ ለ2 ደግሞ 80 ነጂ ይሆናል።

ግን 127ን ለመግዛት አትቸኩል። ባንተ ማሽን የጥርስ መጠን ሲሠራ ስፋቱ ከ18 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ቦታ ይፈጃል፣ ዋጋውም አይቀመስም። በሱ ፈንታ 63 ጥርስ ያለው ጊር ፈልግ። 63 ነጂ በ80 ተነጂ፣ ከዚያ 30 ነጂ በ60 ተነጂ አድርገህ ስታጣምር የሚወጣው ፒች 1.25016 ሚሊ ነው። በአንድ ዳዶ ውስጥ ልዩነቱ አንድ ሺኛ ሚሊ ገደማ ብቻ ነው። የቆየ ሊድ ስክሩ በማለቁ ብቻ ከዚህ በላይ ይስታል! 127 የግድ የሚሆነው ረጅም የመለኪያ ብሎን ወይም የማሽን መግፊያ ብሎን ስትሠራ ነው።

ከጊሩ ይልቅ ብዙ ሰው ሥራውን የሚያበላሸው ሃፍ ነቱን (መቁረጫውን ከሊድ ስክሩው ጋር የሚያያይዘውን ተከፋች ዳዶ) ሲከፍት ነው። አንዴ ከዘጋኸው ፊለቱ እስኪያልቅ አትክፈተው። በኢንች ስትሠራ የምትረዳህ ቁጥር ያለባት ክብ መደወያ እዚህ አትሠራም፤ ባንተ ሁኔታ ስፒንድሉና ሊድ ስክሩው በትክክል እንደገና የሚገጥሙት በ127ቱ ጊር በየ158.75 ሚሊ፣ በ63ቱ ደግሞ በየ200 ሚሊ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ስትደርስ አቁም፣ መቁረጫውን ወደ ኋላ ሳብ፣ ማሽኑን በተቃራኒው አዙረህ ከመነሻው አሳልፈህ መልሰው። ማሳለፍህ ልል የሆነውን ክፍተት ይበላልሃል። ማሽንህ ቻኩ (ብረቱን የሚይዘው) በፊለት የሚታሰር ስለሆነ በኃይል ወደ ኋላ ካዞርከው ተፈትቶ ሊወድቅ ይችላል፤ በዝግታ አዙር። እኔን ብትጠይቀኝ ለአጭር ብሎን ስፒንድሉ ጫፍ ላይ የእጅ ማዞሪያ ማሰር ከሁሉም ይሻላል፣ የት እንደምታቆም እጅህ ያውቀዋል።

የመቁረጫው ማዕዘን አይቀየርም፤ የአሜሪካውም የሚሊሜትሩም 60 ዲግሪ ነው። ጥልቀቱ 0.77 ሚሊ፣ በኢንች መደወያህ 30 ሺኛ ገደማ ነው። ኮምፓውንዱን (መቁረጫውን የተሸከመውን፣ በማዕዘን የሚዞረውን ተንሸራታች) 29 ተኩል ዲግሪ ካዞርክ ግን ወደ 35 ሺኛ ትገፋለህ። እዚያ ስትቃረብ ዳዶውን እየሞከርክ ሂድ።

አደራ የምልህ፣ ለፍሬንና ለመሪ የሚሆን ብሎን ቶርኖ ላይ አትሥራ፣ ግዛ። የፋብሪካው ፊለቱ በመጨፍለቅ የወጣ፣ ብረቱም በሙቀት የጠነከረ ነው። ለዲናሞ ማሰሪያው ግን ጥሩ ብረት ከመረጥክ ግድ የለም።

ጥያቄ፦ የኔ ቶርኖ ትንሿ የቻይና ናት፣ ሊድ ስክሩዋ በኢንች 16 ጥርስ አለው። እኔም በዚህ ሒሳብ መሥራት እችላለሁ? (ከሲያትል)

መልስ፦ እህታችን፣ ያንቺ እንዲያውም ይቀላል። በ40 ፈንታ በ80 አባዢ። 1.25 ስትፈልጊ 100 በ127 ይመጣል፣ እሱም ከ63 በ80 ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረውም። ስለዚህ 63 ነጂ፣ 80 ተነጂ፣ መሃል ላይ ያገኘሽውን አገናኝ ጊር አድርጊ፤ የመሃሉ ሒሳቡን አይነካውም። 63ቱን በስሪ ዲ ፕሪንተር አትመው የሚሠሩበት ብዙ ናቸው፣ ለቀላል ቆረጣ ይበቃል። የነዚህ ማሽኖች ቻክ በብሎን የሚታሰር ስለሆነ ወደ ኋላ ስታዞሪ ይፈታል ብለሽ አትስጊ። ሃፍ ነቱን ግን አንቺም እንዳትከፍቺው።