ከክምሩ ሥር የተገኘው ግልባጭ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቡና ስንጠጣ፣ በቅርቡ የጥብቅና ፈቃድ ያወጣ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሲሠሩ ጊዜው እንዴት በቃዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። የሆነ ያልሆነ መልስ ሰጥቼ አሰናበትሁት፤ ሌሊቱን ግን አንድ የድሮ ጥፋቴ ትዝ እያለኝ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ነገሩ 30 ዓመት አልፎታል። ቢሮዬ አራዳ ውስጥ፣ ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። ጠረጴዛዬ ላይ ያለቁና ያላለቁ መዝገቦች፣ የአቤቱታ ረቂቆች፣ የከረሙ ጋዜጦች፣ ልብስ ሰፊው በአደራ የሚተወው ቁልፍ ሳይቀር ተከምሮ ይውላል። እውነቱን ለመናገር ክምሩ ያኮራኝ ነበር፤ ባለጉዳይ ሲያየው «ሥራ የበዛበት ጠበቃ» እንዲለኝ እፈልግ ነበርና። ከአዘዞ የሚመላለሱ አንዲት አሮጊት በቤት ክርክር ኅዳር 5 ቀን ተፈረደባቸው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 323 ለይግባኝ የሚሰጠው 60 ቀን ነው፤ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ፣ ጊዜው ጥር 5 እንደሚያበቃ ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም። የፍርዱን ግልባጭ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት፤ በላዩ አንድ መዝገብ፣ በዚያም ላይ ሌላ ተደረበበት። ከዚያ ጥምቀት ደረሰ፤ በጥምቀት ሰሞን ጎንደር እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ፣ የእኔም ቤት በእንግዳ ተሞላ። የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ጥር 13 ቀን፣ ሌላ ወረቀት ስፈልግ ግልባጩ ወጣ። ሐምራዊው ማኅተም ላይ የቡና ስኒ ቂጥ ክብ ሠርቶበታል።

ጊዜው ያለፈበትን ይግባኝ ለማስፈቀድ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል፤ የጠበቃ ጥፋት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ደግሞ ቁጥር 326 በግልጽ ይናገራል። አዘዞ ሄጄ ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው «እንግዲያው የግብር ደረሰኞቼን መልስልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ደረሰኞቹን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ከይግባኙ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ማልዶ መነሣትን ወላጆቻችሁ ስለነገሯችሁ እተወዋለሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ከአንድ መዝገብ በላይ አላኖርሁም፤ ፍርድ በተሰማ ዕለትም በመዝገቡ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቀን እጽፋለሁ፤ አንዱ ሕጉ የሰጠኝ፣ ሌላው ከእሱ 40 ቀን የሚቀድም፣ ለራሴ የሰጠሁት ነው። ሕጉ የሰጠው 10 ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ይግባኝ በሳምንቱ እጽፈው እንደነበር አልጠራጠርም፤ ያዘናጋኝ የቀኑ መብዛት ነው።

የእናንተ ጠረጴዛ ንጹሕ ነው፤ ክምራችሁ ስልካችሁ ውስጥ ገብቷል። ያ ወጣት የውል ፎቶ ሊያሳየኝ ብሎ በቴሌግራም የሠርግና የቀልድ ምስል መካከል ሲያንሸራትት ቡናው ቀዘቀዘ። ልወቅሳችሁ አልተነሣሁም፤ እንዲያውም እንደ እናንተ ስልክ ቀኑን የሚያስታውሰኝ ነገር በእጄ ቢኖር ኖሮ ጥር 5 ባላመለጠኝ። ያ ልጅ ቢሮዬን ማየት እፈልጋለሁ ብሏል፤ ይምጣ፣ ጠረጴዛዬን ይይ፤ መሳቢያዎቹን ግን እንዳይከፍት።