ጥያቄና መልስ፦ ቋንቋውን ሳይችሉ 24 ዓመት ስለገዙት ናቪን ፓትናይክ

የሕንድ ፖለቲካ ሲነሳ ሁሉም ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞዲ ሞዲ ይላል። እኔ ደግሞ ስለ ኦዲሻው ናቪን ፓትናይክ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የተደጋገሙትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውየው ማን ናቸው? ኦዲሻስ የት ናት?

መልስ፦ ኦዲሻ በምሥራቅ ሕንድ፣ ባሕር ዳር ያለች ግዛት ናት። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፤ መዲናዋ ቡባኔሽዋር ነው። ናቪን ከማርች 2000 እስከ ጁን 2024 ዋና ሚኒስትሯ ነበሩ። ሥልጣኑ እኛ ርዕሰ መስተዳድር ከምንለው ጋር ይቀራረባል። በሕንድ ታሪክ በዚህ ወንበር ላይ ከእሳቸው በላይ የቆዩት የሲኪሙ ፓዋን ቻምሊንግ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የሚበልጧቸው በሁለት ወር ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ የሕዝቡን ቋንቋ አይችሉም ነበር የሚባለው እውነት ነው ወይስ የተቃዋሚ ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው። በ1946 ኦዲሻ ውስጥ ይወለዱ እንጂ ያደጉትም የተማሩትም ሌላ ቦታ ነው። እስከ 50 ዓመታቸው ድረስ ፖለቲካ የሚባል አልነካካቸውም። ደልሂ ተቀምጠው ስለ ታሪክና ስለ ዕፅዋት መጽሐፍ ይጽፉ ነበር፤ ወዳጆቻቸው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት የነበሩትን ዣክሊን ኬኔዲን የመሳሰሉ ሰዎች ነበሩ። አባታቸው ቢጁ ፓትናይክ ግን ኦዲሻን ሁለት ጊዜ የመሩ፣ በወጣትነታቸው አውሮፕላን አብራሪ የነበሩ ትልቅ ሰው ነበሩ። አባት በ1997 ሲሞቱ ልጅ ባዶ ለቀረው የፓርላማ ወንበር ተወዳድረው አሸነፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአባታቸው ስም ቢጁ ጃናታ ዳል የሚባል ፓርቲ ተመሠረተ።

መድረክ ላይ ኦዲያ ቋንቋን የሚያነቡት በላቲን ፊደል ተጽፎ ተሰጥቷቸው ነው። አነጋገራቸው ያስቃል። ሕዝቡ ግን እየሳቀ መረጣቸው። በእኔ ግምት ምክንያቱ ቀላል ነው። ቋንቋውን አሳምረው የሚናገሩት የቀድሞ ባለሥልጣናት በሙስና ስማቸው ጠፍቶ ነበር። እኚህ ሰው ደግሞ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ ጨረታ የሚወስድ አማች የለ። እንግዳነታቸው እንደ ንጽሕና ተቆጠረላቸው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ምን ሠሩ?

መልስ፦ እኔን ቢጠይቁኝ አንደኛው አውሎ ነፋስ ነው። በኦክቶበር 1999 የመጣው ማዕበል ኦዲሻ ውስጥ 10 ሺህ ያህል ሰው ገደለ። የያኔው መንግሥት ግራ ገባው፤ ናቪን ሥልጣን የያዙት ከወራት በኋላ ነው። የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው እሳቸው ከመምጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሆነ ምስጋናው ሁሉ የእሳቸው አይደለም። ግን መጠለያ አሠሩ፤ ሰዉ ከቤቱ አስቀድሞ እንዲወጣ ማድረግን የግዛቱ ልማድ አደረጉት። በ2013 ፋይሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው አስቀድሞ ተነሣ። የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2019 ለፋኒ ደግሞ 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ተነሣ።

ከዚያ የአንድ ሩፒ ሩዝ አለ። ከ2013 ጀምሮ ደሃ ቤተሰብ አንድ ኪሎ በአንድ ሩፒ ይገዛ ነበር። የሴቶች የቁጠባ ማኅበራትም በደንብ ተደግፈዋል። የምርጫ ድምፃቸው በብዛት ከዚያ ነበር የሚመጣው።

ጥያቄ፦ አሞገስካቸው እኮ ወንድሜ! የተፈናቀሉትስ?

መልስ፦ ልክ ነህ። በ2006 ካሊንጋናጋር ላይ ለብረት ፋብሪካ የሚሆን መሬት ይከለል ሲባል ፖሊስ ተኩሶ 13 ነባር ነዋሪዎች ሞቱ። ኒያምጊሪ ተራራ ላይም መንግሥታቸው ማዕድን ማውጣት ከፈለገው ከቬዳንታ ኩባንያ ጎን ቆሞ ነበር። በ2013 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «መንደሮቹ ይወስኑ» ሲል 12ቱም የመንደር ጉባኤዎች ማዕድን ማውጣቱን እምቢ አሉ። ይህ የሥራ ዘመናቸው ጠባሳ ነው።

ጥያቄ፦ ከሞዲ ፓርቲ ጋር ወዳጅ ነበሩ ወይስ ጠላት?

መልስ፦ ሁለቱንም። እስከ 2009 ከቢጄፒ ጋር፣ ማለትም ከሂንዱ ብሔርተኛው የሞዲ ፓርቲ ጋር፣ ተጣምረው ገዙ። በ2008 ካንዳማል በምትባል የኦዲሻ ወረዳ ውስጥ በክርስቲያኖች ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ በምርጫ ዋዜማ ተለያዩ። ያለ ቢጄፒ ተወዳድረው ከ147 መቀመጫ 103 አገኙ። ሞዲ በ2014 ሥልጣን ከያዙ ወዲህ ደግሞ እስከ 2024 ድረስ ደልሂ ላይ፣ በማዕከላዊው ፓርላማ፣ ብዙ ጊዜ ይደግፏቸው፣ ኦዲሻ ላይ ይፎካከሯቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ በ2024 ምን ነካቸው?

መልስ፦ ፓንዲያን። ቪ.ኬ. ፓንዲያን የሌላ ግዛት፣ የታሚል ናዱ፣ ተወላጅ ናቸው፤ ለዓመታት የናቪን የግል ጸሐፊ ነበሩ። በ2023 ከመንግሥት ሥራ ለቀው ፓርቲውን ተቀላቀሉ። ሚኒስትሮቹ አለቃቸውን ማግኘት የሚችሉት በእሳቸው በኩል ነው ተባለ። ቢጄፒ ደግሞ «የኦዲያ ክብር» ብሎ ተነሣ። ሞዲ የቅስቀሳ መድረክ ላይ ቆመው ናቪን የኦዲሻን ወረዳዎች ያለ ወረቀት ይጥሩ ብለው ተፈታተኑ። በዚያው ሰሞን አንድ ቪዲዮ ተዛመተ፦ ናቪን እየተናገሩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ፓንዲያን እጁን ከካሜራ ዕይታ ዞር ያደርጉታል። 77 ዓመታቸው ነበር። ያ ቪዲዮ ከአንድ መቶ ንግግር በላይ ጎዳቸው ባይ ነኝ።

ቢጄፒ 78፣ የእሳቸው ፓርቲ 51 መቀመጫ አገኙ። ናቪን ከተወዳደሩባቸው ሁለት ቦታዎች ካንታባንጂ ላይ ተሸነፉ፤ ሂንጂሊ ላይ ለጥቂት ተረፉ። ለራሳቸው ቋንቋ አለመቻል 24 ዓመት ይቅር የተባሉት ሰውዬ፣ ከሌላ ግዛት ለመጣው ረዳታቸው ግን ይቅርታ አላገኙም። ፓንዲያን ወዲያው ከፖለቲካ ወጡ። ናቪን በግዛቱ ምክር ቤት የተቃዋሚዎች መሪ ሆነው ቀጠሉ።

ጥያቄ፦ ስለ ሆኪውስ ምን ትላለህ?

መልስ፦ ተማሪ ሳሉ በረኛ ነበሩ። በ2018 ግዛታቸው የሕንድ ብሔራዊ የሆኪ ቡድኖችን ስፖንሰር አደረገች፤ የስፖንሰሮች ገንዘብ በአብዛኛው ወደ ክሪኬት በሚሄድበት ጊዜ ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ወንዶቹ ነሐስ አመጡ። ሕንድ በሆኪ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ስታገኝ ከ41 ዓመት በኋላ ነበር።