ሦስተኛዋ ወንበር

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት የክርክር ክበብ ተማሪ ቡና እየጠጣን ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ዳኞቻችንን ለምን ራሳችን አንመርጥም? አሜሪካኖቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።» እውነቷን ነው። እዚያ በኮሌጆች «የፖሊሲ ክርክር» በሚባለው የውድድር ዓይነት ቡድኖቹ የዳኞችን ዝርዝር አይተው ደረጃ ያወጣሉ። አዘጋጆቹም ሁለቱም ወገን ከፍ ያደረጉትን ዳኛ ለመመደብ ይሞክራሉ። «አስቤበት እነግርሻለሁ» አልኳት። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የቢቸናው ልጅ ትዝ አለኝ።

በ2003 ዓ.ም. ነው። ሕግ አስተምር ነበር፤ የተማሪዎችን ክርክር የማዘጋጀውም፣ ዳኛ የምመድበውም እኔ ነበርኩ። ለፍጻሜው ሁለት ባልደረቦቼን መደብኩና ሦስተኛዋ ወንበር ላይ ራሴ ተቀመጥኩ። ሦስታችንም የሕግ ሰዎች፣ ሦስታችንም ወንዶች፣ ምሳ እንኳ አብረን የምንበላ። ከሕግ ሰው የተሻለ ማን ይፈርዳል ብዬ ነበር።

ርዕሱ «በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ይከልከል» የሚል ነው። ደጋፊው የገጠር መሬት አዋጁን፣ ቁጥር 456/1997ን፣ እየጠቀሰ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ አንበለበለው። ደስ አለን። ከዚያ የቢቸናው ልጅ ተነሳ። ወረቀት አልያዘም። «አባቴ ጤፉን ሸጦ የማዳበሪያ ዕዳ ይከፍላል። እኔን ያስተማረኝ ባሕር ዛፉ ነው» አለ። በጣቱ እየቆጠረ አስረዳ፤ በሬ አይፈልግም፣ አረም አይፈልግም፣ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ቀጥሎ ማንም ሳይጠይቀው «የጎረቤትን ጤፍ እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከድንበር ይራቅ እንጂ አይከልከል» አለ። የባላጋራውን ጠንካራ ነጥብ ራሱ አንስቶ ራሱ መለሰው። አዳራሹ ጸጥ አለ።

እኔ ማስረጃ በሚለው ሳጥን ውስጥ ከ10 4 ሰጠሁት። ከጎኑ «ምንጭ አልጠቀሰም» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ለዜሮ ተረታ።

ስወጣ በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ የነበረው ጥበቃ «ልጁ በምን ተረታ?» አለኝ። «ማስረጃ የለውም» አልኩት። «እሱ ራሱ ቆሞ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁ በሁለት እጁ ጨብጦኝ፣ ጎንበስ ብሎ አመስግኖኝ ሄደ። ክበቡን ዳግም አልረገጠም።

አያቴ ወደ ገበያ ሲሄዱ ሁለት ባላጋራዎች «በሕግ አምላክ» ብለው አስቁመው ዳኛ እንዳደረጓቸው ይነግሩን ነበር። የመንገድ ዳኛ ይባላል። ዋርካ ሥር ተቀምጠው በላ ልበልሃውን እስኪጨርሱ ሰሙ፤ በርበሬያቸው ሳይሸጥ መሸ። ተሟጋቹ ማን እንደሚሰማው ስለማያውቅ ለማንም በሚገባ ቋንቋ ነበር የሚናገረው። ብሪቲሽ ፓርላሜንታሪ በሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ዓይነትም ዳኛው እንደ አስተዋይ ተራ መራጭ ሆኖ እንዲሰማ ነው የሚጠየቀው። እኛ ሦስታችን ግን የሰማነው እንደ ፈተና አራሚ ነው።

ስለዚህ ዳኛ መምረጡን አልወደውም። እናንተ የዛሬ ተከራካሪዎች ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ፤ ግን የሚስማማችሁን ብቻ መስማት ለምዳችኋል፣ ስልካችሁም የሚያቀርብላችሁ የምትወዱትን ነው። ዳኛም እንደዚያ ከሆነ ለሠለጠነ ጆሮ ብቻ ማውራት ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ በዚያው የፖሊሲ ክርክር ብዙ ጊዜ ንግግሩ ከመፍጠኑ የተነሳ ተራ ሰው ሊከታተለው አይችልም። ዝምድና ወይም ቂም ካለ ግን «ዳኛው ይነሳልኝ» በሉ። ፍርድ ቤትም ይፈቅዳል።

ይህን ጽፌ እንደገና ሳስበው፣ የቢቸናው ልጅ ደረጃ የማውጣት መብት ቢኖረው ሦስታችንንም ከታች ያደርገን ነበር። ምናልባት ልጅቷ ልክ ናት። አላውቅም፣ ልቤ ሁለት ሆኗል።

ለመጪው ውድድራችሁ ሁለቱን ወንበር የክርክሩን ሕግ ለሚያውቅ ስጡ። ሦስተኛዋን የግብርና ባለሙያም ትያዛት፣ የገበያ ነጋዴም፣ የቅኔ መምህርም። አስቀድማችሁ ደንቡን ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው። ማንን እንዳስቀመጣችሁ ጻፉልኝ፤ ከቻልኩ መጥቼ ከኋላ ከጥበቃዎቹ ጋር ቆሜ እሰማለሁ።