ስቱዲዮ አትጠብቁ፣ ግጥም ለምትጽፉ ልጆች

ሰላም ልጆች። 40 አመት የዘፈን ግጥም ስጽፍና ሳስተምር ኖሬያለሁ፣ እና ከናንተ ሁሌ ሚመጣልኝ ጥያቄ "ጋሼ ዜማ ሚሰራልኝ ሰው የለኝም፣ ስቱዲዮ ውድ ነው፣ ግጥሜን ምን ላርገው?" ሚል ነው። እስቲ ስለ ፈረንሳዮቹ ጎጌቶች ላውራችሁ።

ጎጌት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ተራው ሰራተኛ ማታ ማታ ወይን ቤት ተሰብስቦ ሚዘፍንበት ማህበር ነው፣ ያው እንደኛ ጽዋ ማህበር በሉት። የ1810ሩ የወንጀል ህግ ከ20 ሰው በላይ ያለ መንግስት ፈቃድ ማህበር እንዳይመሰርት ስለከለከለ ብዙዎቹ ከ20 በታች ነበሩ። እኔን ሚገርመኝ ግን አሰራራቸው ነው፣ ዜማ ቁጭ ብለው አይጠብቁም! ሰው ሁሉ ሚያውቀውን የድሮ ዜማ ይወስዱና አዲስ ግጥም ያለብሱታል፣ ወረቀቱ አናት ላይ "በዚህ ዜማ ሚዘፈን" ብለው ይጽፋሉ፣ አንዱ ያወጣል ሌላው አዝማቹን ይቀበላል፣ ሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ አዲስ ይዞ ይመጣል።

እኛ በደርግ ጊዜ በአማርኛ ቆመን የዘመርነው ኢንተርናሲዮናል፣ ያ የሶሻሊስቶች መዝሙር፣ እኮ ከዚህ ሰፈር የወጣ ነው። ፖለቲካውን ለጊዜው ተዉትና ሰውየውን እዩ። ኢዠን ፖቲዬ ግጥሙን የጻፈው 1871 የፓሪስ ኮምዩን፣ ማለት የፓሪስ ህዝብ አምጾ ያቆመው የከተማ መንግስት፣ በደም ሲደመሰስ ነው፣ ከዛ ስደት፣ ከዛ ድህነት። 1883 ላይ፣ ሸምግሎ፣ ሊስ ሻንሶኒየር ሚባለው የዘፈን ማህበር ባዘጋጀው ውድድር ሜዳልያ አገኘ፣ የድሮ ጓዶቹም አስታወሱትና ግጥሞቹ ታተሙለት። 1887 ሞተ። ዜማውን በ1888 የሰራው ሊል ከተማ ያለ ፒየር ደ ጌይተር ሚባል የፋብሪካ ሰራተኛ ነው፣ መጀመሪያ የዘፈነው የመዘምራን ቡድንም ስሙ "የሰራተኞች ክራር" ነበር። ማህበሩ ባይኖር ያ ሽማግሌ ተረስቶ ይቀር ነበር ብዬ ነው ማምነው።

እኔ ወጣት ሆኜ ግጥሞቼን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ዜማ ሰሪ ስጠብቅ አመታት ባከኑብኝ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። እናንተ አራት አምስት ሆናችሁ እሁድ ከሰአት አንዳችሁ ቤት ተገናኙ፣ ቡና ይፈላ፣ ሁላችሁም ምታውቁትን የሰርግ ዜማ ያዙና በሱ ጻፉ። እኛ ጋ ባለፈው አንዲት ልጅ እንዲህ አርጋ መጣች፣ ስታነበው ቆንጆ ነበር፣ ስታወጣው ግን ሶስተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ጭብጨባው ጠፋብን፣ አንድ ቃል ተርፏል። ማንም ሳይነግራት እርሳሱን አንስታ ሰረዘችውና "እንደገና ተቀበሉኝ" አለች።