ሊብሬው በእጅዎ ነው፤ በስምዎስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቡራዩ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከሥራ ባልደረባዬ የገዛሁት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል አለኝ፤ ሊብሬው (የተሽከርካሪው መታወቂያ ደብተር) በእጄ ነው። አሁን ግቢዬ ውስጥ የሊፋን 200 ሞተር ልገጥምበት፣ መቀመጫውን ላሳጥርና ቀዩን ቀለም ወደ ጥቁር ልለውጥ ነው። ሞተሩን አግኝቻለሁ። በሕግ ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ የጠየቁኝ ቀላሉን ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚተዳደረው ምዝገባ ላይ የሰፈረን ነገር፣ ማለትም የሞተር ቁጥርን፣ ጉልበትን፣ ቀለምን መለወጥ የመዝጋቢውን መሥሪያ ቤት ፈቃድና ምርመራ ይፈልጋል፤ ሊብሬውም ይስተካከላል። መቀመጫ ማሳጠር ብዙም አያጣላም፤ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ ስፖኪዮና የታርጋ ቦታ ግን ለቦሎ ሲቀርቡ ይታያሉ። ዲቲው ባለ 6 ቮልት ከሆነ በ12 ቮልቱ ሞተር አምፖሎቹ ይቃጠላሉና አብረው ይቀይሯቸው። ለመድን ድርጅትዎም ለውጡን በጽሑፍ ያሳውቁ። አዲስ አበባ መግባት፣ ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ፣ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ያሳሰበኝ ያልጻፉት ነው። «ሊብሬው በእጄ ነው» ብለዋል፤ «በስሜ ዞሯል» አላሉም። በሦስት ዓመት ውስጥ! በምስክር ፊት በተጻፈ ወረቀት ወይም በውክልና እየነዱ እንደሆነ እገምታለሁ። ቅር አይበልዎትና፣ ሞተር ሳይክል እንደ በግ ከእጅ ወደ እጅ አይሸጥም። ተራ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በርክክብ ይተላለፋል፤ በልዩ ሕግ ለሚመዘገበው ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1186 ለዚያው ልዩ ሕግ ቦታ ትቷል። ስለዚህ በመዝገቡ ባለቤቱ ዛሬም ባልደረባዎ ናቸው።

የሞተር ለውጥ ማመልከት የሚችሉትም እሳቸው ወይም ለዚሁ የወከሉት ሰው ነው። ውክልናን ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፤ ሲሞትም በመርሕ ደረጃ ይቋረጣል፤ ያኔ ጉዳይዎ ከወራሾች ጋር ነው። ባለትዳር ከነበሩና የትዳር ጓደኛቸው በሽያጩ ካልተስማሙ ሌላ ክርክር አለ። በዚሁ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ደግሞ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ፣ ባለቤቱ ኃላፊ ነው። እርስዎ በገጠሙት 200 ሞተር ሰው ቢገጭ ክሱ ለእሳቸውም ይደርሳል፤ ይህን ሲሰሙ ውክልናውን ቢሽሩ አይግረምዎ።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁት ግን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። «መጀመሪያ ላሳምረው፤ ስሙንም ሞተሩንም በኋላ አንድ ላይ አስጨርሳለሁ» ይላሉ። ስም ሲዞር መርማሪው የሞተሩንና የሻንሲውን (የፍሬሙን) ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል። ሊብሬው የዲቲውን ቁጥር ይላል፤ ፍሬሙ ላይ የተቀመጠው የሊፋን ነው። ፋይሉ እዚያው ይቆማል። የሞተር ለውጡን ላስቀድም ቢሉ ደግሞ ባለቤት አይደሉም። የድሮውን ሞተር መልሼ ልግጠም እንዳይሉ፣ የዲቲው ማሰሪያዎች ለሊፋኑ ስለማይሆኑ በግራይንደር ተቆርጠው ሌላ ተበይዶባቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙ ይዙር፣ ቀጥሎ ፈቃዱ ይውጣ፣ ግራይንደሩ ከዚያ በኋላ ይነሳ።

ባልደረባዎን ዛሬውኑ ያግኙ። ቡራዩ በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለለች ወዲህ ፋይሉ የትኛው ጽሕፈት ቤት እንዳለ በአካል ያጣሩ፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበትም ማረጋገጫ ይጠይቁ። ከአሮጌ ዲቲዎች ብዙዎቹ በእርዳታ ድርጅት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለፉ ናቸው። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም፤ በጨረታ የወጣ ከሆነ የጨረታውን ሰነድ ያፈላልጉ። ውል ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ወረቀቶች ለጠበቃ ያሳዩ።

«ሞተሩን አግኝቻለሁ» የሚለውም አላማረኝም። ከማን? አዲስ ከሆነ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ከሌላ ሞተር ሳይክል የወጣ ከሆነ የዚያኛው ሊብሬ ቅጂና ከባለቤቱ ጋር የተደረገ ውል ያስፈልግዎታል። ቁጥሩን ሲያጽፉ ይጠንቀቁ፤ 163 ኤፍኤምኤል የሚለው የሞተሩ ዓይነት ብቻ ነው፣ መለያው ቀጥሎ የተመታው ነው፤ ሁለቱም ይጻፉ። የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ሲጠየቁ «አላወቅሁም» የሚለው መልስ ያለ ወረቀት አቅም የለውም።

ወደ ቀለሙ ስመጣ፣ የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው በመሪው አንገት ላይ ነው። ሥራ ሳይጀምሩ ፎቶ ያንሱት። እዚያ ቦታ ግራይንደር አይድረስ፤ የድሮውን ቀለም በማስለቀቂያና በብሩሽ ያንሱ፣ ስቱኮ አያስነኩት፣ አዲሱንም ስስ አድርገው ይቀቡ። ቁጥሩ ደብዝዞ ካገኙት በጭራሽ በራስዎ መምቻ አይድገሙት። ብረት ሲመታ ከሥሩ ያለውም ይጨመቃልና የፎረንሲክ ባለሙያ የቀድሞውን ቁጥር በአሲድ ሊያወጣው ይችላል፤ ያኔ በላዩ የመቱት ማስረጃ የሚሆነው በእርስዎ ላይ ነው። እንዳለ ትተው፣ ፎቶውንና ሰነዶቹን ይዘው ከጠበቃ ጋር ወደ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይቅረቡ።