«አጥፍቻለሁ» የሚለው ቃል ጣቢያ ሲደርስ

ልጆቼ፣

በጥብቅና ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስቆይ ፖሊስ ፊት ዝም ስለማለት መብት ከወጣቶች ደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ንጹሕ ከሆንኩ ለምን ዝም እላለሁ?» ይሉኛል። በአንድ ቃል የሚመለስ ስላልሆነ በጽሑፍ ልመልስላችሁ።

በ1992 ዓ.ም. አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እህል መጋዘን ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ምሳ ሊበላ ሲወጣ ጓጉንቸሩን ሳይቆልፍ ሄደ። ሲመለስ ሰባት ኩንታል ጤፍ የለም። ልጁ ተይዞ ጣቢያ ገባ። አጎቱ ስንቅ ይዞለት መጣና «ይቅርታ ጠይቅ፤ እኛም ሽማግሌ እንልካለን» ብሎ መከረው። ልጁ ምክሩን ሰምቶ ለመርማሪው «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሩን ሳልቆልፍ ሄጃለሁ» አለ። እኔ መዝገቡን ስከፍት ያገኘሁት «ጥፋተኛ ነኝ፤ በሩን ሆን ብዬ ክፍት ትቻለሁ» የሚል ነበር። ከግርጌው «የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ትክክል በመሆኑ ፈርሜያለሁ» ይላል። ከዚያ በታች ልጁ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ትምህርት ቤት እንደተማረው አንድም ፊደል ሳያዛባ ጽፎታል።

«ማንበብ ትችል የለም እንዴ? ለምን ሳታነብ ፈረምክ?» አልኩት።

«ትልቅ ሰው ናቸው፤ ወረቀቱን ተቀብዬ ባነብ አላመንኩዎትም ማለት ይሆንብኛል ብዬ ነው» አለኝ።

ማንም አልመታውም። ማንም አላስፈራራውም። ስለዚህ በማስገደድ የተገኘ ቃል ነው ብዬ ልከራከርለት አልቻልኩም። ዝም የማለት መብት እንዳለው የነገረው ሰው እንዳልነበር እሱ ይናገራል፤ በወረቀቱ ላይ ግን «መብቱ ተነግሮታል» የሚለው መስመር ቀድሞ ታትሞ የመጣ ነው። ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ መብት ሳስብ የሚታየኝ ዱላ ብቻ አይደለም፤ አስተዳደጋችንም ይታየኛል። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ «አጥፍቻለሁ» ሲል ቁጣው ይበርድለታል። ንስሐ አባት ፊት የሚናገር ሰው ሸክሙ ይቀልለታል። ሽማግሌ ፊት ያመነ ካሳ ከፍሎ፣ ታርቆ፣ ተመርቆ ይመለሳል። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ማመን የእርቅ በር ነው፤ ይህን ባሕላችንን እወደዋለሁ፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። ነገር ግን ያው ቃል የምርመራ መዝገብ ላይ ሲሰፍር የክስ ማስረጃ ይሆናል። ዐቃቤ ሕግ ይቅር ሊላችሁ አልተሾመም፤ ዳኛውም የሚያየው የተጻፈውን ነው። ቃሉን ስትናገሩ ድምፃችሁ ምን ያህል እንደተንቀጠቀጠ ወረቀቱ ላይ አይታይም።

ከዚህ በፊት የነበረውንም ማወቅ ይጠቅማችኋል። አያቶቻችን በሚያውቁት አውጫጭኝ፣ ንብረት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪገለጥ ድረስ ከዚያው እንዲቆይ ይደረግ ነበር። የቀረ ይቀጣ ነበር። በሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተመራ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። በዚያ ሥርዓት ዝም ማለት ራሱ ጥፋት ነበር። «ንጹሕ ከሆነ ይናገር» የሚለው አባባል ከዚያ ሜዳ አብሮን የመጣ ይመስለኛል።

ሕጉ ግን ሌላ መንገድ ከያዘ ቆይቷል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27፣ የተያዘ ሰው ማንነቱና አድራሻው ከተረጋገጠ በኋላ ስለ ክሱ እንዲመልስ እንደማይገደድ፣ ያለመመለስ መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ሊነገረው እንደሚገባ ደንግጓል። እኛ በሙያው ያለን ሰዎች «በ27 የሰጠው ቃል» የምንለው ይህንኑ ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 መብቱን አጽንቶ፣ ማስጠንቀቂያው ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲሰጠው፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንዳይኖረው አድርጓል። በአንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም።

ብዙ ሰው የማያውቀው የሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 31 ነው። የሚከለክለው ማስፈራራትን ብቻ ሳይሆን ማባበልንና ተስፋ መስጠትንም ነው። «እመንና ዛሬውኑ ትወጣለህ» ማለት የተከለከለ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 ቃል ለማግኘት ሲል ተጠርጣሪን የሚያስፈራራ ወይም የሚያሰቃይ የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን ቅጣቱ እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

እንግዲህ ጣቢያ ብትጠሩ ምን ታደርጋላችሁ? ስማችሁንና አድራሻችሁን በትክክል ተናገሩ፤ ዝም የማለት መብት ስም መደበቅን አይጨምርም። ከዚያ በትሕትና «ጠበቃ ሳላማክር ቃል አልሰጥም» በሉ። ይህን በማለት ማንንም አልደፈራችሁም። ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መተው፣ ወይም ለመገላገል ብሎ መዋሸት፣ ከሁሉ የከፋ ነው። ዝም ያለ ሰው አልዋሸም፤ የዋሸ ሰው ግን በኋላ እውነቱን ሲናገርም የሚያምነው አያገኝም። ለመናገር ከመረጣችሁም ሳታነቡ አትፈርሙ። ያላላችሁት ነገር ከተጻፈ ይታረምልኝ በሉ። ማንበብ የማይችል ወላጅ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

በምስክርነት ስትጠሩም ተጠንቀቁ። ምስክር እውነቱን የመናገር ግዴታ አለበት፤ ነገር ግን መልሱ እሱኑ በወንጀል ሊያስከስሰው የሚችል ከሆነ ያንን ጥያቄ ላለመመለስ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 30 ይፈቅድለታል። ጠዋት ምስክር ተብሎ ገብቶ ማታ ተጠርጣሪ ሆኖ ያደረ ሰው አውቃለሁ።

የተያዘ ሰው ለጉዞ ከሚያስፈልገው ጊዜ በቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ተመትታችሁ እንደሆነ በዚያች የመጀመሪያ ቀን ለዳኛው ንገሩ፣ ሰውነታችሁንም አሳዩ፣ መዝገብ ላይ እንዲሰፍርም ጠይቁ። ቁስል ይሽራል፤ ከወራት በኋላ የሚነሳ አቤቱታ ማስረጃ የለውም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 መሠረት የእምነት ቃል የሚቀበል ዳኛም አስቀድሞ «በፈቃድህ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እባካችሁ ያችን ጥያቄ በራስ ንቅናቄ አትለፏት። ክሱ በችሎት ተነቦላችሁ ምንም ባትመልሱ እንኳ ሕጉ እንደካዳችሁ እንጂ እንዳመናችሁ አይቆጥርም።

«ታዲያ ይህ መብት ወንጀለኛውን አያድነውም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በ1963 እ.ኤ.አ. የተያዘው ኤርኔስቶ ሚራንዳ፣ መብቱ ሳይነገረው ከሁለት ሰዓት ያህል ምርመራ በኋላ አመነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1966 በአምስት ለአራት ድምፅ ያንን የእምነት ቃል ውድቅ አደረገው። ሰውየው ግን ነጻ ወጥቶ አልቀረም፤ በሌላ ማስረጃ እንደገና ተከስሶ ተፈረደበት። ጥፋተኛውን ለመቅጣት ምስክር ፈልጎ ማግኘት፣ አሻራ ማንሳት፣ ሰነድ መመርመር ይቻላል። ቃል ብቻ ይዞ የሚሄድ መርማሪ ደግሞ ንጹሑን አሳስሮ ሌባውን መንገድ ላይ ይተዋል፤ የመጋዘኑን ጤፍ የወሰደውን ሰው እስከ ዛሬ የፈለገው የለም። አሜሪካ ያላችሁ ወጣቶች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እዚያ አፍን መዝጋት ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም፣ መብቱን መጠቀም እንደምትፈልጉ በግልጽ መናገር ይኖርባችኋል፤ ቋንቋው ካስቸገራችሁም አስተርጓሚ ጠይቁ።

ከእናንተ መካከል ነገ ፖሊስ ሆኖ ቃል የሚቀበል አለ። የምለምነው ያንን ልጅ ነው። ፊትህ የተቀመጠው ሰው «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሩን ሳልቆልፍ ሄጃለሁ» ካለህ፣ እንዳለው አድርገህ ጻፈው። «ሆን ብዬ» የምትለውን አንተ አትጨምርለት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እሱ አዙርለትና፣ እስክሪብቶውን ከመስጠትህ በፊት እስኪያነበው ጠብቀው።